ሥሩስ ምን ይበላል?

የተከበራችሁ የምርምር ባልደረቦቼ፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የልማት ሠራተኞች፣ አርሶ አደር ወገኖቼ፤ እንኳን ለዓለም የጥራጥሬ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን የነሐሴን ጭቃ አብረን የረገጥን ነን። ጤናማ ባቄላ ሲነቀል በሥሩ ላይ የሚታዩትን እባጮች፣ ኖዱል የምንላቸውን፣ ለእናንተ መግለጽ አያሻኝም።

አንድ ዓመት በማሳ ጉብኝት ላይ ኖዱሉን በምላጭ ሰንጥቄ ውስጡ እንደ ሥጋ መቅላቱን ለገበሬዎች አሳይ ነበር። "ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጂን ይዞ ለተክሉ ይሰጣል" አልኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሲሠራ ምን ይበላል?" አሉኝ። ቅጠሉ የሚልክለትን ስኳር ነው አልኳቸው። እባጩን በጣታቸው እያገላበጡ ትንሽ ቆዩና፣ "በስኳር ብቻማ ጉልበት አይጸናም" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ ዛሬም ይቆጨኛል።

እሳቸው ልክ ነበሩ፤ ኖዱሉ ከስኳር ሌላ ቫይታሚን ቢ 1ም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሎተስ ጃፖኒከስ በምትባል ትንሽ ኖዱል ቋጣሪ ተክል ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ተክል ቫይታሚን ቢ 1ን የሚሠራው ሁለት ክፍሎችን ለየብቻ አዘጋጅቶ በማጋጠም ነው። አንደኛውን ክፍል የሚያዘጋጀው ቲኤችአይ 1 የተባለው ጂን ሲበላሽ ኖዱሉ ማደግ አቃተው፤ ፍሬውም በወጉ አልጎመራም። ልብ በሉ፤ ኖዱሉን የሚያሳድገውም ፍሬውን የሚያበስለውም ያው አንድ ጂን ነው! ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ ለቫይታሚኑ የሚያስፈልገውን ሰልፈር ከገዛ አካሉ ቆርሶ ይሰጣል፤ አንዴ ከሰጠ ለሁለተኛ አያገለግልም። ተክሉ ቢ 1ን የሚያገኘው እንዲህ ተወዶበት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የምርምር ሐሳብ ጻፍኩ። የአገራችንን የባቄላ ዝርያዎች ዘርተን፣ በኖዱሉም በፍሬውም ያለውን ቢ 1 ጎን ለጎን እንለካ የሚል ነበር። የተሰጠኝ መልስ ሁለት መሥመር ነው፦ "ቫይታሚን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። እናንተ ናይትሮጂኑ ላይ አተኩሩ።"

ማን ነው ሥሩን ለአፈር ባለሙያ፣ ፍሬውን ለምግብ ባለሙያ ያከፋፈለው? ባቄላው አላከፋፈለም! ለሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ከዘሩ ጋር ለሚለወሰው የኖዱል ባክቴሪያ፣ ሙከራ ኖዱል ቆጥረናል፣ ኩንታል መዝነናል፣ ስንት ዩሪያ እንደተረፈ አስልተናል። የባቄላ ሽሮ የምትበላው ሕፃን ግን በዩሪያ ስሌት አታድግም! ፍሬውን ሚዛን ላይ ካወጣነው፣ ከዚያው ላይ አንድ እፍኝ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ምን ይከብዳል?

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ባቄላ የአንዳንድ ሰዎችን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሰው ቫይሲን በተባለ ንጥረ ነገር ሳቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተገኘው ዋናው የቫይሲን ጂን ደግሞ ቫይታሚን ቢ 2ን ከሚሠሩት ጂኖች ወገን ነው። ቫይሲኑ የቀነሰ ባቄላ ለማዳቀል የምታስቡ ወጣቶች፣ የቢ 2ን መንገድ አብራችሁ አጥኑ።

ሌላው ኮባልት የተባለው ማዕድን ነው። የኖዱሉ ባክቴሪያ ያለ ቫይታሚን ቢ 12 አይሆንለትም፤ ቢ 12 ደግሞ ያለ ኮባልት አይሠራም፤ ተክሉም ቢ 12ን ሊሠራለት አይችልም። ስለዚህ የአፈር ምርመራ ቅጻችን ላይ ኮባልት ይግባ።

የምርምር ሐሳቡን እንደገና ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአፈር ክፍል አንድ፣ ከሥነ ምግብ ክፍል አንድ፣ አብሮኝ የሚፈርም ሰው እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ።