ከሦስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ጋር ለመሥራት መሠልጠን፦ የሲዲኤ ምስክር ወረቀት በአሜሪካ

(ምስል፦ የሕፃናት ማቆያ ክፍል፤ ተንከባካቢዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከሕፃናቱ ጋር ትጫወታለች።)

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ የሕፃናት ማቆያዎች አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ወደ ሥራው የገቡት የራሳቸውንና የዘመድ ልጆችን ባሳደጉበት ልምድ ተማምነው ነው። ልምዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ በሙያው ለማደግ ግን አሠሪዎችና ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች በወረቀት የተረጋገጠ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ዛሬ የምንመለከተው ሲዲኤ (ቻይልድ ዴቨሎፕመንት አሶሺየት) የተባለውን የሕፃናት ተንከባካቢነት የሙያ ምስክር ወረቀት፣ በተለይም ከልደት እስከ 36 ወር ላሉ ሕፃናት ተንከባካቢዎች የሚሰጠውን ዘርፍ ነው።

ሲዲኤን የሚሰጠው መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው ካውንስል ፎር ፕሮፌሽናል ሪኮግኒሽን ነው። ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ወይም ጂኢዲ (ከሁለተኛ ደረጃ ጋር የሚመጣጠን ማስረጃ) ያለው አመልካች በስምንት ርዕሶች፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በድምሩ 120 ሰዓት ይማራል፤ ከማመልከቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥም በዚሁ ዕድሜ ካሉ ሕፃናት ጋር 480 ሰዓት መሥራት አለበት። ይህ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የሦስት ወር ያህል ሥራ በመሆኑ፣ በእኔ ግምት የሚከብደው ሰዓቱን መሙላት ሳይሆን ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የሥልጠናና የሥራ ሰነዶችን ስብስብ፣ ማዘጋጀት ነው።

(ምስል፦ በክፍልፋዮች የተደራጀ የሰነድ መያዣ።)

ፖርትፎሊዮው የሥልጠና ማስረጃን፣ የመጀመሪያ እርዳታና የሕፃናት ሲፒአር (ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) የምስክር ወረቀትን፣ የምግብ ዝርዝርን፣ የሳምንት ዕቅድንና አመልካቹ ስለ ራሱ አሠራር የሚጽፋቸውን ስድስት ጽሑፎች ይይዛል። ልጅ አሳድጎ ለሚያውቅ ሰው አዲስ የሚሆነው፣ በእጁ የለመደውን ነገር ለምን እንደሚያደርገው በጽሑፍ ማስረዳቱ ነው። ለምሳሌ ዳይፐር መቀየር በዚህ ሙያ የጽዳት ሥራ ብቻ ተደርጎ አይታይም፤ ተንከባካቢዋ ዓይን ለዓይን እየተያየች «አሁን እግርሽን ላንሳ» ብላ ጥቂት ስትጠብቅ፣ ሕፃኗ ቋንቋንም መተማመንንም ትማራለች። ለ6 ወር ሕፃን የሚስማማው ለ2 ዓመት ልጅ ስለማይበቃ፣ ዕድሜው ራሱ እስከ 8 ወር፣ ከ9 እስከ 17 ወር እና ከ18 እስከ 36 ወር ተብሎ በሦስት ይከፈላል።

ምልከታን መመዝገብም እንዲሁ ልምምድ ይፈልጋል። «ልጁ ቁጡ ነው» የሚለው አስተያየት ነው፤ «ኳሱ ሲወሰድበት እጁን ዘርግቶ አለቀሰ፤ ተንከባካቢዋ ስታቅፈው ዝም አለ» የሚለው ግን ለወላጅም ለባልደረባም የሚጠቅም ማስረጃ ነው።

ከልማድ ጋር የሚጋጭም አለ። ብርድ እንዳይመታው ብሎ ሕፃንን ደራርቦ ማልበስና ከጎኑ ትራስ ማስደገፍ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው። ሥልጠናው ግን ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ በጀርባው ብቻ እንዲተኛ፣ አልጋውም ከትራስ፣ ከብርድ ልብስና ከአሻንጉሊት ነፃ እንዲሆን ያዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በእጅጉ ቀንሷል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቤተሰቦች የሚሞሉት መጠይቅም በፖርትፎሊዮው ይካተታል፤ ፖርትፎሊዮው ሲያልቅ ባለሙያ መጥቶ ሥራውን ይመለከታል፤ 65 ጥያቄዎች ያሉት ፈተናም በኮምፒውተር ይሰጣል። ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ሲሆን ከዚያ ይታደሳል።

(ምስል፦ የዲሲና የሜሪላንድ ካርታ።)

የየአካባቢው ደንብ ይለያያል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ ከማቆያ ማዕከላት ረዳት መምህራን ሲዲኤን፣ ከዋና መምህራን ደግሞ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪን ጠይቋል። ሜሪላንድ ውስጥ የታወቀው «የ90 ሰዓት ኮርስ» ነው፤ ግማሹ በልጆች ዕድገት፣ ግማሹ በማስተማር ዘዴ ላይ ያተኩራል። ከትንንሾቹ ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ሲመዘገብ የሕፃናትን ዘርፍ መምረጥ አለበት።

ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ 120 ሰዓት በኮሌጅ ክሬዲት ይያዝልኛል ወይ? የሚያዝ ከሆነ ነገ ለዲግሪ ስትመዘገቡ የተማራችሁትን እንደገና ከመማርና እንደገና ከመክፈል ትድናላችሁ።