አራት መዝሀቦች በአንድ ግቢ፦ የባግዳዱ ሙስተንሲሪያ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ዘንድሮ የምንመክረው ስለ ጥንታዊ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች አጠባበቅ በመሆኑ፣ በባግዳድ ከተማ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሚገኘው ሙስተንሲሪያ መድረሳ ጥቂት ብናገር ለውይይታችን መንደርደሪያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

መድረሳውን ያሠራው የአባሲዶች ከሊፋ አል ሙስተንሲር ቢላህ ሲሆን፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1227 ተጀምሮ በ1234 ተመርቋል። በዚያው ከተማ በ1067 የተከፈተው ዝነኛው የኒዛሚያ መድረሳ ለሻፊዒይ መዝሀብ፣ ማለትም ከእስልምና የሕግ አተረጓጎም መንገዶች ለአንዱ፣ የቆመ ነበር፤ ሙስተንሲሪያ ግን ሐነፊ፣ ሻፊዒይ፣ ማሊኪና ሐንበሊ የተባሉትን አራቱንም በአንድ ግቢ ሰበሰበ፤ ለእያንዳንዳቸውም እኩል 62 ተማሪዎች ተመደቡላቸው። በ1327 ባግዳድን የጎበኘው ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባጡታ እንደሚተርከው፣ እያንዳንዱ መዝሀብ የራሱ ኢዋን፣ ማለትም አንድ ጎኑ ወደ ግቢው የተከፈተ ባለቅስት አዳራሽ ነበረው። መምህሩ ጥቁር ለብሶና ጠምጥሞ በትንሽ የእንጨት ጉልላት ሥር፣ ምንጣፍ በለበሰ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በቀኝና በግራው ያሉ ሁለት ደጋሚዎችም የሚያስጽፈውን ሁሉ እየተቀበሉ ያሰማሉ። ሞንጎሎች ከተማዋን በ1258 ካወደሟት ወደ 70 ዓመት ገደማ በኋላ ትምህርቱ በዚህ ሥርዓት መቀጠሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሕንፃው ረጅም ግቢን የከበበ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ግድግዳው የተተኮሰ ጡብ ሲሆን ጌጡም ከዚያው ጡብ ተፈልፍሎ የወጣ በመሆኑ፣ የኮከብና የሐረግ ቅርጾቹን አጉልቶ የሚያሳያቸው የፀሐይ ጥላ ነው። ለጠጋኝ ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጡብ ሲለወጥ ጌጡም አብሮ ይለወጣል።

በኦቶማኖች ዘመን መድረሳው ጉምሩክ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ እኔ ግን ሰው ይገለገልበት የነበረ ቤት ከተዘጋ ቤት ይልቅ ዕድሜ ያገኛል ባይ ነኝ። የኢራቅ የጥንታዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ከ1945 ጀምሮ ባካሄደው እድሳት የመድረሳው መልክ ተመልሷል። እንዲህ ባለ እድሳት ጊዜ የኋለኞቹ ዘመናት አሻራ ምን ያህሉ ይጠበቅ፣ ምን ያህሉስ ይነሣ የሚለው የመጀመሪያው የውይይት ርዕሳችን ስለሆነ፣ መድረኩን ለጽሑፍ አቅራቢዎቻችን እየለቀቅሁ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።