«ሶሪ» ያልኩት ቀን

እሺ... እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የእረፍቴን ነገር ላወራችሁ ነበር፣ ቃል ገብቻለሁ። ይቆየን። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል።

ባይ ጃንን ታውቁታላችሁ። የሰርቪሳችን ሹፌር፣ የፓኪስታኑ፣ የካራቺው። «ባጂ» ነው የሚለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። ጠዋት መኪናው እስኪሞላ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ትርጉሙን በኡርዱ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በአረንጓዴዋ ደብተር ይጽፋል።

ማክሰኞ ደብተሯ የለችም። ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ፣ «ባጂ፣ እናቴ ሌሊት አረፈች» አለኝ። ከቀትር በኋላ ይቀብሯታል። እሱ እዚህ ኤምሬትስ፣ ሻርጃ፣ መሪ ይዞ።

እኔም «ሶሪ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ለምን? አንቺ ምን አደረግሽ?»

ዓይኑ ቀልቷል። የምሩን ነው የጠየቀኝ። መልስ እየጠበቀ ነው።

አያችሁ፣ ያንን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት። «ሰው ሲያጠፋ የሚለው ነው» አልኩት። እሱም «አሃ፣ ማፍ!» ብሎ ጻፈ። ማፍ ይቅርታ ነው። ለሐዘን ግን ሌላ ቃል አላቸው፣ አፍሶስ። እኛስ? ይቅርታ ሌላ፣ አዝናለሁ ሌላ። እንግሊዝኛው ነው ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀልላቸው። ደግሞ ሳነብ፣ ሶሪ ድሮ የታመመ፣ ልቡ የቆሰለ ማለት ነበር። ቁስል ከሚሉት «ሶር» ጋር ዘመድ ነው። ይቅርታው ኋላ የመጣ ነው። እኔ የኋለኛውን ነግሬው የፊተኛውን ተውኩት።

ማፍን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። አያቴ ወሎ «አፉ በይኝ» ትል ነበር። አፉም ማፍም ከአንድ የዓረብኛ ሥር የወጡ ናቸው። ያን ዕለት እሱን እያሰብኩ ነው መሰለኝ ቶሎ ያለፍኩት። አያቴ በረመዳን ዋዜማ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች... ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን።

ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማስረዳት ጀመርኩ! እናቱ ለሞተችበት ሰው! «ሁለት ትርጉም አለው፣ አንደኛው...» እሱ «አቻ፣ አቻ» ይላል። እሺ፣ እሺ። አንድ እጁ መሪው ላይ ነው፣ በሌላው የመስተዋቱን መቁጠሪያ ይነካካል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። በጨዋነት።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ቃል የሚተነትን ሰው አይታችኋል? ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። «አላህ ያጽናህ» ማለት አቅቶኝ ነው? በአማርኛ እንኳ ብለው ይገባው ነበር። ድምፄ ይገባው ነበር።

ወይም... አላውቅም። ምናልባት እሱም ማውራቴን ፈልጎ ይሆናል። መኪናው ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝም ብል ምን ያደርግ ነበር? አይ፣ ይሄ እንኳ ራሴን ማጽናኛ ነው።

ትናንት ደብተሯ ተመልሳለች። ገልጬ አየሁ። ሶሪ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩለት ራሴ ነኝ። ከጎኑ ማፍ አለ። ከሱ ሥር ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጨምሯል። ኡርዱ ማንበብ አልችልም። አፍሶስ ይሁን፣ የእናቱ ስም ይሁን...

ልጠይቀው ስል ሰው መግባት ጀመረ።