ለንብ ሶዳ፣ ለተርብ አቼቶ? ተውት በቃ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ዋላችሁ የሐይቅ ሰዎች! አባቶች፣ እናቶች፣ ንብ አናቢዎቻችን፣ እናንተም እዛ አጥሩ ጋ የቆማችሁ ተማሪዎች ጠጋ በሉ፣ አብሽሩ ዛሬ ፈተና የለም።

እኔ የመጣሁት አውፍ ልባል ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምር ስንት አመት ሙሉ "የንብ መርዝ አሲድ ነው ሶዳ ቀቡበት፣ የተርብ ቤዝ ነው አቼቶ ቀቡበት" እያልኩ ቦርድ ላይ ጽፌያለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ፣ በዚ ጥያቄ ኤክስ የገባባችሁ ካላችሁ ማርኩን እንኳ አሁን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

የንብ መርዝ አሲድነቱስ እውነት ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው ማለት ነው፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከዛ በታች አሲድ፣ ከዛ በላይ የአሲድ ተቃራኒው ቤዝ) 5 ገደማ ነው፣ ግን እኮ ጠዋት ከጀበና ቀድታችሁ የጠጣችሁት ቡናም 5 አካባቢ ነው፣ ቡና እጁ ላይ ፈሶበት እንደ ንብ ንድፊያ ያበጠ ሰው አይታችኋል? የተርቡ ደግሞ ጭራሽ ቤዝ አይደለም፣ ለ7 በጣም የቀረበ ነው፣ ውሃ በሉት። ታዲያ ምኑ ነው የሚያቃጥለው ካላችሁ ሜሊቲን የሚባል ነገር ነው፣ 26 አሚኖ አሲዶች፣ ማለት የፕሮቲን መስሪያ ጡቦች፣ የተቀጣጠሉበት፣ ከደረቀው መርዝ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፣ ስራው የሴላችንን ሽፋን መብሳት። የሚያስቀው ደግሞ ሜሊቲን ራሱ ባህሪው ቤዝ ነው! የንብ መርዝ ነው የምንለው ፎርሚክ አሲድ የሚባለው ደግሞ የጉንዳን ነው፣ በ1671 ጆን ሬይ የሚባል እንግሊዛዊ ጉንዳን አፍልቶ፣ ሸሆቹ አውፍ በሉኝና ልክ አረቄ እንደሚወጣው አድርጎ ነው ያወጣው፣ እኛ ያንን ለንብ ሰጠንና አረፍን መሰለኝ።

ደሞ መርዙ ቆዳ ስር ነው ያለው፣ ሶዳችሁ ከላይ ነው። ቤቱ ከውስጥ እየጨሰ ከውጪ ጭቃ እንደመምረግ በሉት። ኮልጌትም ያው ነው።

ለውጥ የሚያመጣው ፍጥነት ነው። ንቧ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ጥላባችሁ ነው የምትሄደው፣ ከረጢቱ ብቻውን እየተኮማተረ ይገፋዋል፣ አብዛኛው መርዝ በ20 ሰከንድ ውስጥ ገብቶ ያልቃል፣ ስለዚ "በጥፍር አትቆንጥጠው ምላጭ አምጡ" እያላችሁ ስትከራከሩ አልቋል ማለት ነው፣ እንደምንም ብቻ ንቀሉት። ከዛ ከቀፎው ራቁ፣ ምክንያቱም የተነደፋችሁበት ቦታ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ይቀርበታል፣ እሱ ለሌሎቹ ንቦች "ኑ እዚ ጋ" ነው፣ የኩበት ጭስ የምታጨሱትም አንዱ ጥቅሙ ይሄን ሽታ መሸፈኑ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም፣ የተነደፈው ሰው ምላሱ ወይ ጉሮሮው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ራሱን ካዞረው፣ ነጭ ሽንኩርት ምናምን ፍለጋ እንዳትሄዱ፣ በባጃጅም በምንም ወደ ጤና ጣቢያ፣ አድሬናሊን መርፌ ነው የሚያድነው።

በሉ ጭሱ ተለኩሷል፣ ቀፎው ጋ እንሂድ። ሽቶ የተቀባችሁ ከኋላ ተሰለፉ።