ቃርን መቻል ጥርስን ያስከፍላል

የተከበራችሁ በሥራ ላይ ያላችሁና በጡረታ የምትገኙ የሠራዊት አባላት፣ ቤተሰቦቻችሁ፣ የጥርስ ሕክምና ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ወታደር ቁስሉን ለሐኪም ያሳያል፤ ቃሩን ግን ይችለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው መቻል ነው።

ቃር የሚሰማን የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ነው፤ አንዳንዴም አፍ ድረስ ይደርሳል። የዚህ አሲድ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ1 እስከ 2 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የጥርስ ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለው፣ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። አንዴ ከተሸረሸረ ደግሞ ሰውነት መልሶ አይሠራውም። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ በምላስ በኩል ስለሆነ በመስታወት አታዩትም። በደብረ ብርሃን ብርድ የማለዳ ውሃ ስትጎነጩ ጥርሳችሁን ጠዘጠዘው? ከዕድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የወታደር ኑሮ ለቃር የተመቸ ነው። ከጥበቃ ተመልሶ ሌሊት በልቶ ወዲያው መተኛት አለ፤ ወገብ ላይ የጠበቀ ቀበቶ አለ፤ ሲጋራና አረቄም አሉ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ይጎዳሉ። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ወደ አፍ የመጣው አሲድ ሳይታጠብ ጥርስ ላይ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፦ አፋችሁ ኮምጥጦ ስትነቁ ወዲያው ብሩሽ ወይም መፋቂያ አታንሡ። አሲድ ያለሰለሰውን ጥርስ መፈግፈግ ሽፋኑን ይበልጥ ያሳሳዋል። ንጽሕና ወዳዱ ወታደር ጥርሱን የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ያሳዝነኛል። በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ቤኪንግ ሶዳ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ተጉመጥምጣችሁ ትፉት። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ። እራትም ከመኝታ ሦስት ሰዓት ይቅደም፤ ግዳጅ ከከለከለ ከራስጌ ከፍ ብላችሁ ተኙ።

ድድን በተመለከተ፣ ዋናው የሚያሳምመው ጥርስ ሥር የሚጋገረው ቆሻሻና ባክቴሪያ ነው። ድዳችሁ ቢደማ ቃሩን ብቻ ጥፋተኛ አታድርጉ፤ ታጠቡ፣ ታዩ።

ባልደረቦቼ፣ የፊት ጥርሱ ከጀርባ የሳሳ ወታደር ሲመጣ ጥርሱን ሞልታችሁ ብቻ አትሸኙት፤ «ቃር አለህ ወይ?» በሉት፣ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪምም ላኩት። ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ያለምክንያት የከሳ ወይም ሰገራው የጠቆረ ካለ ቀጠሮ አይሰጠው፤ በዚያው ቀን ይታይ።

አመሰግናለሁ።