መዝገብ የሚባለው ሀብት

(በደብረ ማርቆስ፣ በተማሪዎች የቋንቋ ክበብ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የኔታ፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ መዝገብ።

መዝገብ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ትልቁ የቢሮ ደብተር ነው። ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ የመዝገብ ቁጥር። ትክክል ነው፤ የዛሬው አማርኛ እንዲህ ይላል። ግን በዚህ ትርጉም ብቻ የማቴዎስን ወንጌል ስናነብ ነገሩ ይጠፋብናል። ምዕራፍ 6 ላይ በምድር መዝገብ አትሰብስቡ ይላል፤ ብልና ዝገት ያጠፉታል፣ ሌባም ቆፍሮ ይሰርቀዋል። ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ አንድ ሰው በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኛል። ደስ ብሎት ያለውን ሁሉ ሸጦ ያንን እርሻ ይገዛል። ለደብተር እርሻ የሚገዛ የለም።

በግዕዝ «ዘገበ» ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው። መዝገብም የተከማቸው ሀብት ነው፤ ሀብቱ የሚቀመጥበት ቤትም ነው። በአማርኛችን «ጥሪት» እና «ድልብ» ይቀርቡታል። ልጁን መዝገቡ ብሎ የሰየመ አባት ሀብቱ ብሎ እንደሰየመ ቁጠሩት። መዝገበ ቃላትም የቃላት ግምጃ ቤት ነው። ወሬ «ተዘገበ» ስንል እንኳን ሥሩ ያው ነው።

ጎጃም ባለ ብዙ መዝገብ አገር ነው። የዘጌን ገዳማት ዕቃ ቤት ሄዳችሁ እዩት፤ እሱ ጠባቂ አለው። የኔ ሐሳብ ጠባቂ በሌለው ላይ ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች በመላው ኢትዮጵያ ስማቸው የተጠራው በቃል በተያዘ ሀብት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ ለምኖ፣ ባለ ሁለት ቤቱን፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኙን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ይጀምራል። ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ቅኔው ለዕለቱ ይቆጠራል፣ ማለትም ይደረሳል፤ ለዕለቱም ይሰጣል። የሰማ ካልያዘው አለቀ። የኔታ፣ ስንት ቅኔ እንዲህ እንደቀረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

የገበሬውም ቋንቋ እንደዚያው ነው። ሞፈርና ቀንበርን ሁላችንም እናውቃለን። ድግርን ከወገል የሚለይ ግን ከእናንተ መካከል ስንት ነው? ምራን የቱ ጋ ይታሰራል? አባቶቻችሁ ይህን ሳያስቡት ይናገሩታል። ትራክተር ሲገባ ግን ዕቃው ይሄዳል፤ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ትራክተር አይግባ እያልኩ አይደለም፤ ይግባ! ስሞቹን ግን ቀድመን እንያዛቸው።

እዚህ ላይ የቃሉ ሁለት ትርጉሞች ይገናኛሉ። ይህ ሀብት እንዲቆይ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

ስለዚህ ለክበቡ አባላት የማቀርበው ጥያቄ ይኼ ነው። በክረምቱ ዕረፍት አንድ ደብተር ያዙ። ሞባይል ያላችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፅ ቅዱ። የእርሻውን፣ የሽመናውን፣ የጠላ ጠመቃውን ቃላት ከአያቶቻችሁ ጠይቁ። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ የተነገረበትን ቀበሌ ጻፉ። «ይኼ የገጠር ቃል ነው» ብላችሁ የምትተዉት አይኑር። ቅኔ የሰማችሁ እንደሆነም የባለቅኔውን ስም አትርሱ። መስከረም ላይ ሁሉንም አንድ ላይ እናደርገዋለን፤ የኔታም ግዕዙን እንዲያርሙልን በትሕትና እለምናለሁ።

አመሰግናለሁ።