አስተማሪው ሪክ ሪዮርዳን እና የመኝታ ሰዓት ተረቱ

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ አስተማሪ ነው።

ብሩክ፦ በጣም ሀብታም አስተማሪ።

ማህሌት፦ (ሳቅ) ሀብቱ ኋላ ነው የመጣው። ሪክ ሪዮርዳን ይባላል፣ የፐርሲ ጃክሰን መጻሕፍት ደራሲ ነው። በ1964 ቴክሳስ ውስጥ፣ ሳን አንቶኒዮ ተወለደ። መጻሕፍቱ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል።

ብሩክ፦ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰውየው ልጅ ሆኖ ማንበብ የሚወድ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ያስተማረችው የእንግሊዝኛ መምህርት ናት ጻፍ ብላ ያበረታታችው።

ማህሌት፦ ከዚያ ራሱም አስተማሪ ሆነ። እንግሊዝኛና ታሪክ፣ 15 ዓመት ያህል። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ያንን ዕድሜ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ሲሰለቻቸው አይደብቁም።

ብሩክ፦ ማታ ማታ ደግሞ ለአዋቂዎች የወንጀል ልብ ወለድ ይጽፋል። የመጀመሪያው በ1997 ታተመ፣ ሽልማትም አገኘበት። ግን ማስተማሩን አልተወም።

ማህሌት፦ አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ትምህርት ከበደው። ኤዲኤችዲ እና ዲስሌክሲያ እንዳለበት ታወቀ። አንዱ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥና ማተኮር ያስቸግራል፣ ሌላው ማንበብና ፊደል መለየት። ከትምህርቱ ሁሉ ልጁ የሚወደው የግሪክ አፈ ታሪክን ብቻ ነበር። አባትየው ደግሞ ያንን ክፍል ውስጥ ያስተምረው ስለነበር፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይተርክለት ጀመር።

ብሩክ፦ ተረቱ አለቀ።

ማህሌት፦ አለቀ! ልጁ ግን አላለቀም። «አዲስ ፍጠርልኝ» አለ። ሪዮርዳን ያን ጊዜ አንድ የክፍል ሥራ ትዝ አለው። ተማሪዎቹን «የአንድ አምላክ ልጅ የሆነ ጀግና ፍጠሩና ጉዞ ስጡት» ብሎ ያዛቸው ነበር። እሱም የራሱን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ፐርሲ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ፣ ኒውዮርክ የሚኖር፣ አባቱ የባሕር አምላክ ፖሲዶን። ታሪኩን ተርኮ ለመጨረስ ሦስት ሌሊት ፈጀበት። ልጁ «ጻፈው» አለው። የፐርሲ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ «የመብረቁ ሌባ»፣ በ2005 ታተመ።

ብሩክ፦ ከመታተሙ በፊት ግን ረቂቁን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ አስነብቧል። ይሄ ነው የሚገርመኝ። ከአርታኢ በፊት ያረሙት የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ራሱ ይናገራል፤ ፐርሲ ሳያስበው የሂሳብ መምህሩን ወደ አቧራ ስለመቀየሩ ነው። ይህን የጻፈው አስተማሪ ነው እኮ!

ማህሌት፦ ያቺ መምህርት ጭራቅ ናት፤ ተደብቃ ነው የምታስተምረው። የላቲን አስተማሪው ግን ኪሮን ነው፤ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ፣ በጥንቱ አፈ ታሪክም የጀግኖች መምህር። እኔ በሁለቱም ውስጥ ሪዮርዳንን አየዋለሁ።

ብሩክ፦ በጭራቋም?

ማህሌት፦ የፈተና ሰሞን፣ አዎ።

ብሩክ፦ እሺ፣ አንድ የሚከነክነኝን ላንሳ። ፐርሲም እንደ ልጁ ሁለቱም ችግሮች አሉበት። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ፊደሉ የሚደበላለቅብህ አእምሮህ ለጥንታዊ ግሪክኛ ስለተሠራ ነው። መቀመጥ ያቃተህም ሰውነትህ ለጦርነት ስለተዘጋጀ ነው። ደስ ይላል። ግን እውነተኛ ልጅ ነገ ክፍል ሲገባ ፊደሉ ያው ይደበላለቅበታል። ሐሰተኛ ተስፋ አይሆንም?

ማህሌት፦ ፐርሲ እኮ አይድንም። በመጀመሪያዎቹ አምስት መጻሕፍት ሁሉ እንግሊዝኛ ማንበብ እንዳስቸገረው ነው። ከትምህርት ቤትም ይባረራል። የተለወጠው «ሰነፍ ነህ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ያንን ስም የተሸከመ ልጅ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ብሩክ፦ ግማሹን ተቀብያለሁ።

ማህሌት፦ ግማሹም ይበቃኛል። ፊልሙንስ?

ብሩክ፦ ኧረ ተይው! የ2010ሩ ፊልም የ12 ዓመቱን ልጅ ጎረምሳ አደረገው። ሪዮርዳን ቀረጻው ሳይጀመር ደብዳቤ ጽፎ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ አልሰሙትም። ደብዳቤዎቹን ከዓመታት በኋላ ራሱ ይፋ አደረጋቸው። ፊልሙንም አላየሁትም ብሏል። በ2023 መጨረሻ በዲዝኒ ፕላስ፣ በኢንተርኔት በሚታየው ቴሌቪዥን፣ የጀመረው ተከታታይ ድራማ ላይ ግን ራሱ ገባበት።

ማህሌት፦ እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የፐርሲን ጓደኛ የአናቤትን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ልጅ ጥቁር ናት። በመጽሐፉ ፀጉረ ወርቃማ ስለሆነች ሰዎች በኢንተርኔት በዚያች ሕፃን ላይ ዘመቱባት። ሪዮርዳን አልተለሳለሰም። ይህ ዘረኝነት ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ።

ብሩክ፦ ለእኔ ከመጻሕፍቱ በላይ የማከብርለት ግን ሌላ ሥራው ነው። አንባቢዎች የሕንድን፣ የማያን፣ የሌላውንም አፈ ታሪክ ጻፍልን እያሉ ይጠይቁት ነበር። እሺ ብሎ ቢጽፍ ይሸጥለት ነበር። እሱ ግን በዚያ ባህል ያደጉ ደራሲዎች ይጻፉት አለ። በስሙ የተከፈተው የኅትመት ዘርፍ ከ2018 ጀምሮ እነሱን ያሳትማል። የሕንድ፣ የኮሪያ፣ የምዕራብ አፍሪካ ተረቶች ወጥተውበታል።

ማህሌት፦ እኛን ደግሞ የግሪኩ አፈ ታሪክ ራሱ ይነካናል። ፐርሲ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ ጀግና ከፐርሲየስ ነው። ያ ጀግና ከባሕር አውሬ ያዳናት ልዕልት አንድሮሜዳ የማን ልጅ ናት?

ብሩክ፦ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ።

ማህሌት፦ በሁለተኛው መጽሐፍ የጠላቶቹ መርከብ ስሟ «ልዕልት አንድሮሜዳ» ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ግጥም ኦዲሴይ ሲጀምርም ፖሲዶን የለም፤ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድግስ ሄዷል። የፐርሲ አባት እኛ ቤት ነበር ማለት ነው!

ብሩክ፦ ቀስ በይ። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፤ የዛሬው ካርታችን አይደለም።

ማህሌት፦ ድግሱን ግን አትከልክለኝ።

ብሩክ፦ ድግሱን ውሰጂ። እኔ የማልመው የዘንዶውን የአርዌን ታሪክ ነው። አክሱምን የገዛው እባብ ዛሬ ፒያሳ ቢነሳ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቢያጋጥመው...

ማህሌት፦ ጻፋ!

ብሩክ፦ ማውራት ይቀለኛል። በነገራችን ላይ ለመጀመር የምትፈልጉ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የፐርሲ መጻሕፍት ጀምሩ፣ በቅደም ተከተል። የግብፅ አማልክት ያሉባቸው ሌሎች ሦስት መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ ይድረሱ። የ2010ሩን ፊልም ዝለሉት፤ ደራሲውም ዘሎታል።